የእትዬ ምናልባት ቀላል ጓዝ

የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም «እትዬ ምናልባት» ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት፤ አንሶላው፣ ጓንቱ፣ ፋሻው፣ አምፖሉ፣ ሳሙናው ሁሉ በእሷ እጅ ሳያልፍ የትም አይሄድም። እዚያ በሠራችባቸው ሃያ ሦስት ዓመታት አንዲት ነርስ እንኳ «አልቋል» ተብላ ባዶ እጇን ተመልሳ አታውቅም። «ምናልባት ቢያስፈልግስ?» እያለች ሁለት ሲጠየቅ አራት ታስመጣለች፣ አራት ሲጠየቅ ስምንት። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

የእጅ ቦርሳዋ ደግሞ ራሱን የቻለ ግምጃ ቤት ነው። መርፌና ክር፣ ባትሪ፣ ጃንጥላ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ገመድ፣ ካቻቪቴ። በካቻቪቴው የሚስቁ ነበሩ። አንድ ቀን ግን የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩ እምቢ አላቸው። ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ ግቢውን ሲያካልል፣ እሷ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እጀታውን ነቅላ አወጣቻቸው። ዶክተሩ ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ምናልባት» አሉ። ከዚያ ወዲህ በካቻቪቴው የሳቀ የለም።

ባሏ ግን ይስቃል። «እሷ ከቤት ስትወጣ ቤቱም አብሯት ነው የሚወጣው» ይላል። እሱ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት በሞተር ሳይክል ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ ወጣ። ኪሱ ውስጥ ከእስክሪብቶና ከመሐረብ ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ማን እንደሚያገናኛቸው እንጃ፤ ብቻ ተገናኝተው፣ ሴት ልጅ አሳድገው፣ ሠላሳ ዓመት በፍቅር ኖረዋል።

በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድ ያልተፈጸመ ቃል ነበር። ባልየው ከማግባቱ በፊት ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ለስድስት ወር ተመድቦ ሠርቷል። በእጮኝነታቸው ጊዜ ስለዚያ ሐይቅ ያላወራበት ቀን የለም። «ውሃው ጠዋት ጠዋት መስታወት ነው። ፊትሽን ታይበታለሽ። እወስድሻለሁ» ይላታል። ሦስት ጊዜም ለመሄድ ተነሥተው ነበር።

በመጀመሪያው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ፔርሙዟን መርሳቷ ትዝ አላትና «አሁን መጣሁ» ብላ ወረደች። ስትመለስ ባሏ ብቻውን ቆሞ አገኘችው፤ አውቶቡሱ ሄዷል። በሁለተኛው፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ጥቅል ይዘው መናኸሪያ ደረሱ። ጫኙ ተደናግሮ ጓዛቸውን ወደዚያው የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ ላይ ሰቀለው። እነሱ ጓዛቸውን ፍለጋ ሲራወጡ ሁለቱም አውቶቡሶች ጥለዋቸው ሄዱ። ሻንጣዎቹ በሰላም ደርሰው፣ ሳምንት ሰንብተው፣ በሰላም ተመለሱ። ባልየውም ላገኘው ሰው ሁሉ «ሻንጣዎቻችን ሐይቁን አይተውታል፤ የቀረነው እኛ ነን» ሲል ከረመ። በሦስተኛው ጊዜ ከበር እንኳ አልወጡም። ሻንጣውን ከአልጋ ላይ ስታወርድ ወገቧን ያዛትና ቅዳሜና እሑድን ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታቅፋ ተኝታ አሳለፈች።

ሰው ይሳቅ እንጂ ይህ ልማዷ እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ልጃቸው የአምስት ወር ሕፃን ሳለች፣ እሷን አዝላ እናቷን ልትጠይቅ ያለ ባሏ መንገድ ወጥታ ነበር። የአራት ሰዓት መንገድ ነው ብላ የያዘችው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው። አውቶቡሱ ምድረ በዳ ላይ ተበላሽቶ እዚያው አደሩ። ለሕፃኗ መቀየሪያው አለቀ፤ ብርዱ ጠና፤ ሕፃኗን ትኩሳት ጀመራት። ከጎኗ አንዲት ሴትዮ ወፍራም ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ደርባ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኗን አየት፣ እናትየዋን አየት አደረገችና «ምን ዓይነት እናት ናት ባዶ እጇን ከቤት የምትወጣው?» አለች። ሕፃኗ በነጋታው ተሻላት። ቃሉ ግን ውስጧ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦርሳ ባዘጋጀች ቁጥር ያቺ ሴትዮ ከኋላዋ ቆማ የምታያት ይመስላት ነበር። ይህን ለማንም፣ ለባሏም ጭምር፣ ነግራ አታውቅም።

ባልየው ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ሲነዳት የኖረውን ሞተር ሰጥቶ ሸኘው። አንድ ሰኞ ራት ላይ ድንገት ተነሣና፣

«ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሑድ እንመለሳለን» አላት።

«ወዴት?»

«ሐይቁ ጋ ነዋ!»

«በምን?»

«በሞተር።»

«ጓዛችንስ?»

እጇን ይዞ ከፎቅ ወደ ግቢ አወረዳትና ከሞተሯ ኋላ የታሰረውን ሳጥን ቸብ ቸብ አደረገው። ድሮ የቆጣሪ መዝገብ የሚይዝበት ነው፤ ሁለት ዳቦ ጎን ለጎን ቢተኛበት ይሞላል።

«እዚህ ውስጥ እኮ ፎጣዬ ራሱ አይገባም!»

«ግማሽ ፎጣ ውሰጂ።»

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ዳኛ ሆና ተጠራች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ «ይሄን እንቁረጠው» ማለት ሥራዋ ስለሆነ ለዳኝነቱ የተፈጠረች ነበረች። እናትየው ዕቃዋን አልጋው ላይ ደርድራ ጠበቀቻት። አልጋው አይታይም።

«ይሄ ሹራብ ለምንድን ነው?»

«ምናልባት ቢበርድ።»

«ይሄ ስስ ቀሚስስ?»

«ምናልባት ቢሞቅ።»

«እሺ፣ ይሄ ሦስተኛውስ?»

«ምናልባት... ሳይበርድም ሳይሞቅም ቢቀርስ?»

ልጅቷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ክምሩን ቃኘች። ከዚያ ከትራሱ ሥር ብቅ ያለ ገመድ አየችና ሳብ ስታደርገው ካውያ ወጣ።

«እማዬ! ሐይቁን ልትተኩሺው ነው?»

አባትየው በር ላይ ቆሞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሱ ድርሻውን ጨርሷል፤ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽ። በሁለት ሰዓት ክርክር ካውያው ወጣ፣ ፔርሙዙ ወጣ፣ ትርፍ አንሶላው ወጣ፣ ከሦስት ጫማ ሁለቱ ወጡ። እያንዳንዱ ሲወጣ እናትየው ጥርስ እንደተነቀለባት ፊቷን ታኮማትራለች። በመጨረሻ አንድ አበባማ ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የውስጥ ልብስ፣ ትንሽ ፎጣና ማበጠሪያ ቀሩ። ልጅቷ እነሱን እንደ ፋሻ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ስታስገባቸው እሷም አባቷም አጨበጨቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን እመቤቲቱ ከመኝታ ቤት ስትወጣ በበሩ አልበቃ አለች። ሦስት ቀሚስ ደራርባ፣ በላዩ ሁለት ሹራብ፣ በዚያም ላይ ጃኬት ለብሳለች።

«የለበስኩት ጓዝ አይባልም» አለች፣ እንደ ጠበቃ ኮስተር ብላ።

ባሏ ዞሮ ዞሮ አያት። «እሜቴ፣ ይቺ ሞተር የምትችለው ሁለት ሰው ነው። አንቺ አራት ሴት ይዘሽ መጣሽ።»

ያም ሆኖ እግሯን አንሥታ ሞተሯ ላይ ልትወጣ ሞከረች። እግሯ ከጉልበት በላይ አልነሣ አለ። አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች፤ በሦስተኛው ራሷም ሳቋ አመለጣትና ልጇ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ልጅቷ እዚያው ሽንኩርት እንደምትልጥ ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ አወለቀችላት። የደም ግፊት ኪኒኗን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። ትልቁን የእጅ ቦርሳ ግን ቀምታ እሷ ዘንድ አስቀረችው። «በሰላም ሂዱ። ወደኋላ እንዳታዪ» አለቻት።

የመጀመሪያውን ሰዓት ዓይኗን ጨፍና፣ የባሏን ወገብ አንቃ ይዛ ተጓዘች። በሁለተኛው ሰዓት አንድ ዓይኗን ገለጠች። ማሽላ እርሻ አየች፣ የብስክሌት እሽቅድምድም የያዙ ወጣቶች አየች፣ ጣሪያው ላይ ፍየል የቆመበት ቤት አየች። «አባቷ፣ ፍየሏን አየሃት?» እያለች በሄልሜቱ ውስጥ ትጮሃለች፤ እሱ አይሰማም፤ እሷ ግን ማውራቷን ቀጠለች።

አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ጀመረ። ሞተሯ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስታነጥራቸው ቆየች። አንድ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ጎማው አየር ያነሰው መሰለውና ባልየው አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ አቆመ። ጎሚስታው አየር እየሞላ ቀና ብሎ፣

«አባባ፣ ሳጥኑን ከፍተው ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለ።

ዞረው አዩ። የሳጥኑ ክዳን እንደ ተከፈተ አፍ ተንጋሏል። ውስጡ የቀረው የባልየው አንድ እግር ካልሲ ብቻ ነው። ቀሚሱ የለ፣ ሹራቡ የለ፣ ፎጣው የለ። ያ ሁሉ የሁለት ሰዓት ክርክር ፒስታው ላይ ተዘርቶ ቀርቷል።

ባልየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። የሚመጣውን ያውቃላ! ቶሎ ብሎ ሞተሯን ወደመጡበት አዞረና፣ «አይዞሽ፣ እንመለስ። አንድ በአንድ እንለቅመዋለን» አላት።

እሷ ግን ሞተሯ ላይ አልወጣችም። ከጎሚስታው ቤት ጎን ቆማ ቁልቁል ታያለች። ከከፍታው በታች፣ ከዛፎቹ ባሻገር፣ ሰፊ ግራጫ ውሃ ተኝቷል።

«እሱ ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

«አዙራት» አለችው።

«አዙሬያታለሁ እኮ።»

«ወደ ፊት አዙራት።»

ባልየው ከሞተሯ ወርዶ መዳፉን ግንባሯ ላይ አደረገ። «አሞሻል?»

«ምንም አላመመኝም! በተመለስን ቁጥር ነው የቀረነው። ሠላሳ ዓመት ለፔርሙዝ፣ ለሻንጣ ስንመለስ ነው ያለቀው። ዛሬ የመጣው ይምጣ፤ እንሂድ።»

የመጣው ዝናብ ነበር። ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ሰማዩ ተደፋ። የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ሲደርሱ ከሰውነታቸው ያልራሰው ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ክፍል ብቻ ነበር።

የማረፊያዋ ባለቤት በር የምታክል ግዙፍ ሴት ናት። ድሮ የስፖርት መምህርት ስለነበረች ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። ፊሽካዋ ዛሬም ከአንገቷ አይወርድም፤ ምሳ ሲደርስ እንግዶቿን የምትጠራው በፊሽካ ነው። ክፍላቸውን አሳይታቸው፣ «ምሳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ!» ብላ ወጣች።

ባልየው ልብሱን አውልቆ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ አለ። «እኔ እስከ ነገ እንዲህ መሆን እችላለሁ» አለ፣ ደስ ብሎት። እሷ ግን ከወለሉ መካከል ቆማ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። መጠየቅ አለባት። በሕይወቷ ሰው ሲጠይቃት እንጂ ሰው ጠይቃ አታውቅም። ሦስት ጊዜ በሩን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። በአራተኛው ዓይኗን በጨው አጥባ ወጣች።

ቲቸር ወጥ ቤት ሳህን ስትደረድር አገኘቻት።

«ይቅርታ... ምናልባት... ፎጣ ይኖርዎታል?»

«ሞልቶ!» አለችና ወረወረችላት።

ፎጣውን ይዛ ቆመች። አልሄደችም። «ሌላም ነገር ነበር። የምለብሰው ልብስ የለኝም።»

«ሻንጣዎ ራሰ?»

«ሻንጣ የለኝም። ሳጥናችን ተከፍቶ ያለን ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ።»

«ምንም የለዎትም?»

«ምንም።»

ይህን ብላ አንገቷን ደፋች። ያ የአውቶቡሱ ቃል ሊደገም ነው ብላ ጠበቀች። ቲቸር ግን ሳህኑን አስቀምጣ በሁለት እጇ አጨበጨበች።

«እሰይ! ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ሻንጣ በደረጃ ላይ ስጎትት ኖሬ፣ ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ! ነይ ግቢ፣ እህቴ፣ ብርድ ሳይመታሽ!» «እርስዎ» ማለቷ በአንድ ጊዜ ወደ «አንቺ» ተለወጠ። ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ መኝታ ቤት ወሰደቻትና ቁም ሣጥኑን ብርግድ አደረገችው። «የፈለግሽውን ምረጪ። ሰፊ ነው እንጂ ንጹሕ ነው።»

ቁም ሣጥኑ ፊት ቆማ ቀሚስ ስትመርጥ ድንገት እንባዋ መጣ። ቲቸር ደንግጣ «ምነው?» ስትላት፣ ለማንም ያልነገረችውን ያን የአውቶቡስ ሌሊት ለዚያች የማታውቃት ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ቲቸር አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳታቋርጥ ሰማቻት። ሲያልቅ፣

«ሴትዮዋ ብርድ ልብስ ነበራት አላልሽም?» አለች።

«አዎ። ወፍራም ብርድ ልብስ።»

«ታዲያ ለሕፃኗ ለምን አልሰጠችሽም?»

እትዬ ምናልባት የያዘችውን ቀሚስ አልጋው ላይ አስቀመጠች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ይህ ጥያቄ በልቧ አልመጣም። «እኔም... እኔም እኮ አልጠየቅኳትም» አለች።

«ሳትጠየቅ መስጠት ነበረባታ! ጉድ እኮ ነው! እሷ ብርድ ልብሷን ታቅፋ አንቺ ተሳቀሽ ኖርሽ?» ቲቸር ከምር ተናደደች፤ ሴትዮዋ እዚያ ብትኖር በፊሽካ ታባርራት ነበር። ያ ንዴቷ እትዬ ምናልባትን አሳቃት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ። ሁለቱም ልብሱ መካከል ተቀምጠው ሲስቁ ወጥ ቤት የተጣደው ሾርባ ገነፈለ።

ምሳ ላይ ሲወጡ እሷ የለበሰችው ቀሚስ ሁለት ሰው ያስጠልላል፤ ወገቧን በመጋረጃ ገመድ አስራዋለች። ባሏ ደግሞ የቲቸርን አሮጌ የስፖርት ቱታ ለብሶ እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልሎታል። እርስ በርስ ተያዩና፣ «ቡድናችን ስንት ለስንት ነው?» አላት።

እሑድ ማለዳ ከቲቸር ጋር ሐይቁ ዳር ወረዱ። ከዝናቡ በኋላ ውሃው ጭቃ መስሏል፤ ፊት ቀርቶ እግርም አይታይበትም።

«መስታወት ያልከው ይሄ ነው?»

«ዛሬ... አልተወለወለም» አለ ባልየው፣ አፍሮ።

እሷ ግን አልከፋትም። ጫማዋን አውልቃ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ቲቸር ከኋላዋ ገብታ «ተኚበት፣ እኔ ይዤሻለሁ» አለቻት። ጀርባዋን ለውሃው ስትሰጥ ያ ሰፊ ቀሚስ አየር ሞላና እንደ ትልቅ ፊኛ ተነፋ። ቲቸር እጇን ብትለቅም እሷ አልሰጠመችም። ሰማዩን እያየች ተንሳፈፈች። ከዳር ቱታውን ጠቅልሎ የቆመው ባሏ «እሜቴ! መርከብ ሆንሽ እኮ!» ሲል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ መረባቸውን ትተው ሳቁ። ከውሃው የወጣችው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ የደረቀ ልብሳቸውን ለብሰው ተመለሱ። ፒስታው ላይ አንድ እርሻ መሐል ወፍ ለማባረር የተተከለች የእንጨት ሴት አዩ። የለበሰችው አበባማው የእሷ ቀሚስ ነው። ባልየው ሊያቆም ሲል ጀርባውን መታ አደረገችውና ጆሮው ሥር ጮኸች፦ «ተዋት! ከእኔ ይልቅ ለእሷ አምሮባታል!»

ሰኞ ሥራ ገባች። ቦርሳዋ እንደወትሮው ጢም ብሎ ነበር፤ ካቻቪቴውም አልወጣም። ነርሶቹም እንደ ልማዳቸው «እትዬ ምናልባት፣ መርፌ ቁልፍ አለ?» ሲሏት ዋሉ። የተለወጠ ነገር የለም ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ማክሰኞ ማታ እነሱ ፎቅ ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ ራት ልትሠራ ስትል ሽንኩርት የለም። ቅዳሜ አስቤዛ ስላልወጣች አልቋል። ባሏ ወጥቷል፤ ድሮ ቢሆን እስኪመለስ ጠብቃ ሱቅ ትልከው ነበር። አሁን ግን ወጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ይህች ጎረቤት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእሷ ያልተዋሰችው ነገር የለም፤ ስለዚህም ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሁልጊዜ እንደ ማፈር ይላታል።

«ሽንኩርት ይኖርሻል? አንድ ራስ።»

ጎረቤቷ ሌላ ሰው የተናገረ ይመስል በትከሻዋ ላይ አሻግራ ኮሪደሩን አየች። «ማን? አንቺ? አንቺ ሽንኩርት አጣሽ?»

«አጣሁ።»

ሴትዮዋ ፊቷ እንደ አምፖል በራ። ሮጣ ገብታ አምስት ራስ ሽንኩርት፣ ሦስት ቲማቲምና አንድ ጠርሙስ ዘይት ታቅፋ መጣች። በዚያም አላበቃችም፤ «ቆይ፣ እኔ ልክተፍልሽ» ብላ ተከትላት ገባች። አንዷ ስለ ሐይቁ፣ ሌላዋ ስለ ምራቷ ጀመሩ። ጨዋታው ሞቀ፣ ድስቱም ሞቀ። ባልየው ሲመለስ ቤቱን ጭስ ሞልቶት፣ ሁለቱ ሴቶች መስኮቱን ከፋፍተው ያረረውን በማንኪያ እየፋቁ ሲንከተከቱ አገኛቸው።

«ራት ምንድን ነው?» አለ።

«ዳቦ!» አሉት በአንድ ድምፅ፤ ለእሱም ወንበር ሳቡለት።